በማሽ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የሚገኙ አለመጣጣሞችና የታሪክ ስሕተቶች

ማሽ ከሴፕቴምበር 17 ቀን 1972 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1983 በአሜሪካው ሲቢኤስ የቴሌቪዥን ጣቢያ የታየ ተከታታይ አስቂኝ ድራማ (ሲትኮም) ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በአንድ የአሜሪካ ጦር ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ወታደሮች ይተርካል። ድራማው በተወዳጅነቱ የሚታወቀውን ያህል እርስ በርሳቸው በማይጣጣሙ ዝርዝሮቹና ከታሪክ ጋር በሚጋጩ ነገሮቹም ይታወቃል። ዋናው ምክንያት ቀላል ነው፦ ጦርነቱ የቆየው ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ሲሆን ድራማው ግን ለ11 ዓመት ገደማ ቀጥሏል።

ስሕተቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በድራማው ውስጥ ብቻ ያሉ ናቸው፤ አንድ ክፍል የተናገረውን ሌላው ክፍል ያፈርሰዋል። ሁለተኛዎቹ ድራማውን ከእውነተኛው ታሪክ ጋር የሚያጋጩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ለተመልካች መዝናኛ ከመሆን አያልፉም። ሁለተኛዎቹ ግን ከዚያ የከበደ ነገር አለባቸው፤ በአሜሪካ «የተረሳው ጦርነት» እየተባለ የሚጠራውን የኮሪያ ጦርነት ብዙ ሰው ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ድራማ ነውና።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

== ስለ ድራማው ==

«ማሽ» የሚለው ስም «ተንቀሳቃሽ የጦር ሠራዊት የቀዶ ጥገና ሆስፒታል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስያሜ አጽሕሮት ነው። የታሪኩ ምንጭ ሪቻርድ ሁከር በሚል የብዕር ስም በ1968 የታተመ ልቦለድ ነው። ደራሲው በኮሪያ በ8055ኛው ማሽ ያገለገለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ልቦለዱ በ1970 በዳይሬክተር ሮበርት አልትማን ወደ ፊልም ተለወጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ላሪ ገልባርት ለቴሌቪዥን አዘጋጀው።

ድራማው የሚካሄደው ከሴኡል በስተ ሰሜን በምትገኘው በዊጆንግቡ ከተማ አቅራቢያ ነው በተባለ «4077ኛ ማሽ» በሚል የፈጠራ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በአለን አልዳ የተሠራው ሻምበል ቤንጃሚን ፍራንክሊን «ሆክአይ» ፒርስ ነው። የሆስፒታሉ አዛዥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ ሲሆን፣ ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ኮሎኔል ሸርማን ፖተር ነው። ሌሎቹ ታዋቂ ገጸ ባሕርያት ዋና ነርሷ ሻለቃ ማርጋሬት ሁላሃን፣ ጸሐፊው አሥር አለቃ ራዳር ኦራይሊ፣ ከሠራዊቱ ለመባረር የሴት ልብስ የሚለብሰው ክሊንገር፣ የሠራዊቱ ቄስ አባ ሙልኬይ፣ እንዲሁም ሐኪሞቹ ትራፐር ጆን፣ ፍራንክ በርንስ፣ ቢ ጄ ሃኒከትና ቻርልስ ዊንቸስተር ናቸው።

በአልዳ ዳይሬክተርነት የተሠራውን የሁለት ሰዓት ተኩል የመዝጊያ ክፍል በአሜሪካ ከ105 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመልክተውታል። ይህን ያህል ሕዝብ ያየው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት እስከ 2010 ድረስ አልነበረም።

== የጊዜ ቅደም ተከተል መዛባት ==

የኮሪያ ጦርነት ጁን 25 ቀን 1950 ተጀምሮ ጁላይ 27 ቀን 1953 በተኩስ አቁም ስምምነት ቆመ። ድራማው ከዚህ የጊዜ ገደብ መውጣት ስለማይችል ከ250 በላይ ክፍሎችን በ37 ወራት ውስጥ ማጨቅ ነበረበት። ክፍሎቹ ቀን ባይጠቅሱ ኖሮ ተመልካቹ ችግሩን ብዙም አያስተውለውም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ቀን ቆርጠው ይናገራሉ።

=== የኮሎኔል ፖተር መምጫ ===

በጣም የታወቀው አለመጣጣም ይህ ነው። በ1975 በታየው «የአዛዥ ለውጥ» በተባለው ክፍል፣ ኮሎኔል ፖተር ወደ 4077ኛው የደረሰው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1952 እንደሆነ በግልጽ ይነገራል። በዚህ ስሌት ፖተርና ከእርሱ በኋላ የመጣው ዊንቸስተር በሆስፒታሉ ሊቆዩ የሚችሉት ከአሥር ወር ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ፖተር በአዛዥነት የሚታይባቸው ስምንት ምዕራፎች ናቸው።

ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበው በዲሴምበር 1980 በታየው «ጦርነት ለሁሉም ወቅቶች» በተባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከ1950 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ተነሥቶ እስከ 1951 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ያለውን አንድ ሙሉ ዓመት ይተርካል። ፖተር፣ ቢ ጄና ዊንቸስተር በዚያ ዓመት ሁሉ በሆስፒታሉ አሉ። ማለትም ፖተር መጣ ከተባለበት ቀን 20 ወራት ቀድሞ ሥራውን ሲመራ ይታያል። ክፍሉን ወደ ሌላ ዓመት ማዛወርም አይቻልም፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚወራረዱበት የቤዝቦል ውድድር በኦክቶበር 3 ቀን 1951 በቦቢ ቶምሰን ዝነኛ ምት የተጠናቀቀው የኒው ዮርክ ጃያንትስና የብሩክሊን ዶጀርስ እውነተኛ ፉክክር ነው። እውነተኛው መረጃ በትክክል በመግባቱ ስሕተቱ ጎልቶ ወጣ።

=== አራት ገናዎች በሦስት ዓመት ===

ጦርነቱ በነበረበት ጊዜ የፈረንጆች ገና የተከበረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1950፣ በ1951 እና በ1952። በድራማው ውስጥ ግን ቢያንስ አራት የገና ክፍሎች አሉ፦

* «ውድ አባቴ» (1ኛ ምዕራፍ)፦ አዛዡ ሄንሪ ብሌክ ነው። ሆክአይ የገና አባት ልብስ ለብሶ ከሄሊኮፕተር ይወርዳል።
* «ውድ እህቴ» (7ኛ ምዕራፍ)፦ አዛዡ ፖተር ነው። አባ ሙልኬይ መነኩሲት ለሆነችው እህቱ ይጽፋል።
* «ሞት ዕረፍት ወጣ» (9ኛ ምዕራፍ)፦ አዛዡ ፖተር ነው። ሐኪሞቹ አንድ ወታደር የሞተበት ቀን ለልጆቹ የገና ቀን ሆኖ እንዳይቀር ይታገላሉ።
* «የገና ማግስት» (10ኛ ምዕራፍ)፦ አዛዡ ፖተር ነው።

ፖተር በሴፕቴምበር 1952 መጣ ከተባለ በኮሪያ ሊያከብር የሚችለው አንድ ገና ብቻ ሲሆን ድራማው ሦስት ሰጥቶታል። ፖተር በ1950 መጨረሻ በሆስፒታሉ ነበረ የሚለውን ብንቀበል ደግሞ የብሌክን ገና በ1950 ማድረግ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በገናና በዘመን መለወጫ ዋዜማ መካከል ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ብሌክ ተሰናብቶ፣ ፖተር ተሹሞ፣ ትራፐር ሄዶ፣ ፍራንክ በርንስም በዊንቸስተር ተተክቶ ማለቅ አለበት። በየትኛውም ስሌት ቢሞከር ሒሳቡ አይገጥምም።

=== የአገልግሎት ዘመን ===

ከ1951 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር በኮሪያ ያሉትን አባላቱን የሚያፈራርቀው በነጥብ ሥርዓት ነበር። በጦር ግንባር ያለ ወታደር በወር አራት ነጥብ ያገኛል፤ 36 ነጥብ ሲሞላ ወደ አገሩ ለመመለስ ብቁ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚቆየው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ነበር። ሆክአይና ማርጋሬት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከቦታቸው አይነቃነቁም። ይህ የተዋንያን ውል ያመጣው ነገር እንጂ የታሪክ መልክ አይደለም።

== የገጸ ባሕርያት የሕይወት ታሪክ መለዋወጥ ==

* '''የሆክአይ ቤተሰብ።''' በ1ኛው ምዕራፍ «ውድ አባቴ» ላይ ሆክአይ ለአባቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ለእናቱና ለእህቱ ሰላምታ ይልካል። በኋላ ግን የአባቱ አንድ ልጅ ይሆናል። በ10ኛው ምዕራፍ እናቱ የሞተችው እርሱ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ እንደነበር ይነገራል። ለውጡ ያለ ፍሬ አልቀረም፤ በክራብአፕል ኮቭ ከሚኖረው ሐኪም አባቱ ጋር ያለው የጠበቀ ግንኙነት የገጸ ባሕርዩ ዋና መለያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።
* '''የብሌክ ሚስት።''' የሄንሪ ብሌክ ሚስት ስም መጀመሪያ ላይ ሚልድረድ ሲሆን ቆይቶ ሎሬይን ሆነ። «ሚልድረድ» የሚለው ስም በኋላ ለኮሎኔል ፖተር ሚስት ተሰጠ። ሁለቱን ምዕራፎች አከታትሎ ያየ ሰው ሁለቱ አዛዦች አንዲት ሴት ያገቡ ሊመስለው ይችላል።
* '''የአባ ሙልኬይ ስም።''' በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጆን፣ በኋለኞቹ ደግሞ ፍራንሲስ ተብሎ ይጠራል። በመጀመሪያው ክፍል ሚናውን የተጫወተው ጆርጅ ሞርጋን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ዊሊያም ክሪስቶፈር ተክቶታል።
* '''ራዳር።''' በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የሚጠጣና አለቆቹን የሚያታልል ብልጥ ነው። ቀስ በቀስ ግን ነገር የማያውቅ፣ አሻንጉሊቱን አቅፎ የሚተኛ የገጠር ልጅ ሆነ። ጊዜ ሲሄድ ሰው ይበስላል ቢባል እንኳ የራዳር ጉዞ ወደ ኋላ ነው።
* '''ነርሶቹ።''' «ነርስ ኤብል» እና «ነርስ ቤከር» የሚባሉት ስሞች በተለያዩ ክፍሎች ለተለያዩ ሴቶች ይሰጣሉ። ስሞቹ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር በሬዲዮ «ኤ» እና «ቢ» ለሚባሉት ፊደላት ይጠቀምባቸው የነበሩ ቃላት ናቸው። ደራሲዎቹ ለነርሶቹ የራሳቸው ስም ለመስጠት ብዙ እንዳልተጨነቁ ያሳያል።

=== በሁለት ሚና የታዩ ተዋንያን ===

ከሁሉ የሚጠቀሰው ሃሪ ሞርጋን ነው። በ1974 በ3ኛው ምዕራፍ መክፈቻ ላይ አእምሮው የተዛባ ጄኔራል ሆኖ ታየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኮሎኔል ፖተር ሆኖ ተመለሰ። ሆክአይ ሁለቱንም ሰዎች ቢያገኝም መመሳሰላቸውን አንድም ጊዜ አያነሣም። እንዲሁም የማርጋሬትን ባል ዶናልድ ፔኖብስኮትን በሠርጉ ላይ አንድ ተዋናይ፣ በሌላ ክፍል ደግሞ ሌላ ተዋናይ ሠርቶታል። ይህ ዓይነቱ ነገር በዘመኑ ቴሌቪዥን የተለመደ ነበር።

== ዘመናቸውን ያልጠበቁ ነገሮች ==

በ1970ዎቹ የተሠራ ድራማ የ1950ዎቹን መጀመሪያ ሲያሳይ ከኋለኛው ዘመን የሆኑ ዕቃዎችና ልማዶች ሾልከው ይገባሉ።

ተመልካቾች ደጋግመው የሚያነሡት ምሳሌ ራዳር በእጁ ይዞት የሚታየው «አቬንጀርስ» የተባለ የሥዕል መጽሔት ነው። የዚህ መጽሔት የመጀመሪያ እትም የወጣው በ1963፣ ማለትም ጦርነቱ ከቆመ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ክፍል ውስጥ ሐኪሞቹ «ጨረቃዋ ሰማያዊ ናት» የተባለውን በሳንሱር ምክንያት ያወዛገበ ፊልም ለማየት ብዙ ይደክማሉ። ፊልሙ በእርግጥ የዘመኑ ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ መታየት የጀመረው በ1953 በጋ፣ የተኩስ አቁሙ ስምምነት ሊፈረም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ዝናው ኮሪያ ደርሶ፣ ቅጂው ተጠይቆና ተልኮ በጦር ሜዳ ታየ ማለት ለማመን ያስቸግራል።

ከዕቃዎቹ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የሰዎቹ መልክ ነው። የሐኪሞቹ ረዘም ያለ ጸጉርና ጺም፣ የነርሶቹም የጸጉር አሠራር የ1970ዎቹ እንጂ የ1950ዎቹ አይደለም። ስለ ጦርነትና ስለ ሴቶች መብት የሚነገሩት አስተያየቶችም እንዲሁ በዘመኑ አሜሪካ የነበረውን ክርክር ያንጸባርቃሉ። ይህኛው ግን ከቸልተኝነት የመጣ ብቻ አይደለም። ድራማው ሲጀመር አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በኮሪያ ስም ስለ ቬትናም መናገር ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር።

== የኮሪያና የኮሪያውያን አቀራረብ ==

ከባድ ትችት የሚቀርበው በዚህ በኩል ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የኮሪያ ገበሬዎች የቬትናም ገበሬዎች የሚታወቁበትን ሾጣጣ የሣር ባርኔጣ አድርገው ይታያሉ። የቬትናምን ጦርነት በየምሽቱ በዜና ላይ ሲያይ ለነበረ አሜሪካዊ ተመልካች ሁለቱ አገሮች አንድ መስለው መታየታቸው አይቀርም።

የኮሪያውያንን ሚና የሚጫወቱትም ብዙውን ጊዜ ከሌላ የእስያ አገር ዘር ያላቸው ተዋንያን ነበሩ። ኮሪያዊውን ሐኪም ሻምበል ሳም ፓክን የሠራው የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊው ፓት ሞሪታ ነው። በመዝጊያው ክፍል ክሊንገር የሚያገባትን ሱን ሊን የሠራችው ደግሞ የቻይና ዝርያ ያላት አሜሪካዊቷ ሮሳሊንድ ቻው ናት። የተዋንያኑ ችሎታ አያጠያይቅም። ጥያቄው ጦርነቱ የተካሄደው በአገራቸው፣ ከሁሉም በላይ የሞተውም ሕዝባቸው ሆኖ ሳለ ኮሪያውያኑ በታሪኩ ዳር መቅረታቸው ነው። በአብዛኛው የሚታዩት እንደ ስደተኛ፣ እንደ ወላጅ አልባ ሕፃን፣ እንደ አገልጋይ ወይም እንደ ነጋዴ ነው። በኋለኞቹ ምዕራፎች ይህ በመጠኑ ተሻሽሏል።

መልክዓ ምድሩም የኮሪያ አይደለም። የውጭ ትዕይንቶቹ የተቀረጹት በካሊፎርኒያ ዛሬ ማሊቡ ክሪክ ፓርክ በሚባለው ስፍራ ሲሆን፣ የቀሩት በስቱዲዮ ውስጥ ነው። የኮሪያ ክረምት በብርቱ ቅዝቃዜው ብዙ ወታደሮችን የጎዳ ሲሆን፣ በድራማው ተዋንያኑ በካሊፎርኒያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ለብሰው የብርዱን ትዕይንት ይሠሩ ነበር። በኦክቶበር 1982 የተነሣ የዱር እሳት የውጭውን መቅረጫ ስፍራ ሲያቃጥለው፣ አዘጋጆቹ አደጋውን የመዝጊያው ክፍል ታሪክ አካል አድርገውታል።

== የጥቁሩ ሐኪም መጥፋት ==

በመጀመሪያው ምዕራፍ በቲሞቲ ብራውን የተሠራ ኦሊቨር ጆንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ገጸ ባሕርዩ ከልቦለዱና ከፊልሙ የመጣ ሲሆን፣ የተሰጠው ቅጽል ስም ጥቁሮችን የሚያንቋሽሽ ነበር። ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ያለ አንዳች ማብራሪያ ከድራማው ጠፋ።

ለመጥፋቱ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት አዘጋጆቹ በኮሪያ ጥቁር የቀዶ ጥገና ሐኪም አልነበረም ብለው ማመናቸው ነው። ይህ እውነት አይደለም፤ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪሞች በኮሪያ ጦርነት አገልግለዋል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር ያዘዙት ጁላይ 26 ቀን 1948 ሲሆን፣ ትእዛዙ በስፋት ተግባራዊ የሆነውም በዚሁ ጦርነት ጊዜ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ስለበዙ ደራሲዎቹ ለጆንስ በቂ ታሪክ አላገኙለትም የሚል ምክንያትም ይነሣል።

ጉዳዩ ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው። የፖተር መምጫ ቀን ቢዛባ የሚጎዳ የለም። እዚህ ግን ስሕተትን ለማረም ተብሎ የተወሰደ ነው የተባለው እርምጃ ራሱ ስሕተት ሆኖ፣ በእውነት የነበሩ ሰዎችን ከታሪኩ አስወጣ። ድራማው በቀሩት አሥር ምዕራፎች ሌላ ጥቁር ሐኪም በዋና ገጸ ባሕርይነት አላቀረበም።

== በትክክል የቀረቡ ነገሮች ==

ድራማው በሕክምናው በኩል የነበረው ጥንቃቄ ከሌሎች የዘመኑ ኮሜዲዎች የተሻለ ነበር። የሕክምና አማካሪ ነበረው። ደራሲዎቹም በኮሪያ ያገለገሉ ሐኪሞችንና ነርሶችን እያነጋገሩ የሰሙትን በታሪኩ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ገልባርትና ፕሮዲዩሰሩ ጂን ሬይኖልድስ ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄደው በዚያ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ጎብኝተዋል። በ1976 የታየውና በጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ መልክ የተሠራው ክፍል በዚህ የተጠናከረ ነው።

በመክፈቻው ላይ ቁስለኞችን ይዘው የሚመጡት ሄሊኮፕተሮች በጦርነቱ ጊዜ ለዚሁ ሥራ ያገለገሉትን ዓይነት ናቸው። ቁስለኛን በፍጥነት ወደ ቀዶ ጥገና ማድረስ ውጤት እንዳመጣም የታወቀ ነው፤ ሆስፒታል ከደረሱ የአሜሪካ ቁስለኞች መካከል የሚሞቱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነበረው 4.5 በመቶ ገደማ በኮሪያ ወደ 2.5 በመቶ ገደማ ወርዷል። የተበጠሰ የደም ሥርን መጠገንም እንዲሁ በኮሪያ የተስፋፋ ሙያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትልቅ የደም ሥር የተበጠሰበት እግር ወይም እጅ ከግማሽ በሚጠጋው ቁስለኛ ላይ ይቆረጥ ነበር፤ በኮሪያ ይህ ወደ 13 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በ1979 የታየውና በማያ ገጹ ጥግ ሰዓት እየቆጠረ አንድን የደም ሥር ቀዶ ጥገና የሚከታተለው ክፍል የሚያሳየው የዚህን ዘመን ሙከራ ነው።

ክሊንገርን የሠራው ጄሚ ፋር ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በኮሪያ ያገለገለ ሲሆን፣ በድራማው በአንገቱ ያደርገው የነበረው የወታደር መታወቂያ የራሱ ነበር።

== ስሕተቶቹ የበዙበት ምክንያት ==

* '''የእያንዳንዱ ክፍል ራሱን መቻል።''' የዘመኑ ሲትኮም ክፍሎች ለየብቻ የሚታዩ ነበሩ። ጣቢያዎች በድጋሚ ሲያሳዩአቸውም ቅደም ተከተላቸውን ላይጠብቁ ይችላሉ። ስለዚህ ደራሲው ያለፈውን የማስታወስ ግዴታ ብዙም አልተሰማውም።
* '''የሰዎች መቀያየር።''' ገልባርት ከ4ኛው፣ ሬይኖልድስ ከ5ኛው ምዕራፍ በኋላ ወጡ፤ በርት ሜትካፍ ኃላፊነቱን ተረከበ። ብሌክን፣ ትራፐርን፣ በርንስንና ራዳርን የሠሩት ተዋንያንም በየተራ ለቀቁ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አዲስ ታሪክ መጻፍ አስፈለገ።
* '''መመርመሪያ አለመኖር።''' ድራማው ሲጀመር የቪዲዮ መቅጃ በየቤቱ አልገባም ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የተነገረን አንድ ቀን የሚያስታውስ ተመልካች ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አለመጣጣሞቹ በብዛት የተለቀሙት ክፍሎቹ በተደጋጋሚ መታየትና ለሽያጭ መቅረብ ከጀመሩ በኋላ ነው።
* '''የዓላማ ለውጥ።''' የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቀልድ ይበዛባቸዋል፤ የኋለኞቹ ደግሞ ወደ ድራማ ያዘነብላሉ። ለቀልድ ተብሎ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ከባድ ታሪክ ሲሸከም ያለፈ ሕይወቱ መለወጡ አልቀረም።

== ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት ==

ድራማው የሚተርክበት ጦርነት ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ ደርሶ፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ተዋግቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቃኘው በየተራ ተክተውታል። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆስለዋል። በድራማው የጊዜ ስሌት ኮሎኔል ፖተር ኮሪያ ደረሰ በተባለበት በሴፕቴምበር 1952 በግንባሩ የነበረው ሁለተኛው ቃኘው ነው። ማሽ የእንግሊዝ፣ የግሪክና የሌሎች አገሮች ወታደሮችን አልፎ አልፎ ቢያሳይም፣ ዋና ትኩረቱ የአሜሪካውያኑ ታሪክ ነው። በመሆኑም ድራማውን ብቻ የተመለከተ ሰው ጦርነቱ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር የብዙ አገሮች ጦር የተሰለፈበት መሆኑን በሚገባ ላይረዳ ይችላል።

የአገሪቱ የቀድሞ የፈረንጅ ስም ግን በድራማው ውስጥ ከሁሉ በታወቀው ክፍል ርዕስ ላይ ይገኛል። በማርች 18 ቀን 1975 የታየው የሄንሪ ብሌክ መሰናበቻ ክፍል «አቢሲንያ፣ ሄንሪ» ይባላል። ርዕሱ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። «አቢሲንያ» የሚለው ቃል በአሜሪካውያን አነጋገር «እንገናኛለን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስንብት ጋር ስለሚመሳሰል የተለመደ የቃላት ጨዋታ ነበር። በክፍሉ መጨረሻ ግን ራዳር ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገብቶ ብሌክ የተሳፈረበት አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ እንደወደቀና በሕይወት የተረፈ እንደሌለ ያነብባል። «እንገናኛለን» የተባለው ሰው ዳግመኛ አልተገናኘም። አብዛኞቹ ተዋንያን የዚህን ትዕይንት ጽሑፍ ያዩት ከመቀረጹ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር።

== ግምገማ ==

የማሽ አለመጣጣሞች ድራማውን ከተወዳጅነት አላጎደሉትም፤ 14 የኤሚ ሽልማቶችን አግኝቷል። አንዳንድ ተመልካቾች የጊዜውን መዛባት እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል። በጦር ሜዳ ላለ ሰው ጊዜ አልሄድ ይላልና የ11 ዓመት ድራማ የሦስት ዓመት ጦርነትን ርዝመት ቢያሳይ ተገቢ ነው ይላሉ። ይህ አተረጓጎም ለገናዎቹ ብዛትና ለፖተር መምጫ ቀን ሊሠራ ይችላል። ለሾጣጣው ባርኔጣና ለጠፋው ሐኪም ግን አይሠራም፤ እነዚህ ስለ አንድ አገር ሕዝብና በጦርነቱ ስላገለገሉ ሰዎች የተሳሳተ ምስል የሚያስተላልፉ ናቸውና። ስለዚህ ማሽን የኮሪያ ጦርነት መግቢያ አድርጎ የሚመለከት ተማሪ ድራማውን ከጦርነቱ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ቢያስተያይ ይጠቀማል።